ማኒፎልድ የማስፋት አገልግሎት በ4ኤ-ኤፍኢ ኮሮላ ላይ፦ ገንዘቡ የት ይገባል?

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፣ የቆየች ኮሮላ ያለው ሰው መኪና ከመለወጥ ያለውን ሞተር ማበርታት ይቀለዋል። ለዚህ ሰው ከሚቀርቡት ሥራዎች አንዱ ኢንቴክ ማኒፎልድ፣ ማለትም አየርን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰውን ባለ ቱቦ ክፍል፣ ማስፋት ነው፤ ማኒፎልዱን አውርዶ የቱቦዎቹን አፍ መሞረድ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ራስ) ቀዳዳ ጋር ማገጣጠም፣ ውስጡን ማለስለስ። ሠሪው «ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅ ይቆጥባል» ይላል። እዚህ የምንመዝነው ይህን አገልግሎት ነው፣ እሱም በአንድ ሞተር ላይ፦ በኮሮላ፣ በካሪናና በኮሮና በብዛት በሚገኘው ባለ 1587 ሲሲው 4ኤ-ኤፍኢ።

ፍርዱን ለመስማት እስከ መጨረሻው መጠበቅ አያስፈልግም። በአግባቡ ከተሠራ ሞተሩን አይጎዳም። ነገር ግን ባለመኪናው ከጋራዥ ሲወጣ «ቀለለችኝ» የሚላት ለውጥ አብዛኛው ክፍሏ ከማስፋቱ አትመጣም። ማኒፎልዱ ሲወርድ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ጋር የሚገጥምበት ማሸጊያ) ይቀየራል፣ ትሮትሉ (ፔዳሉ የሚከፍተው የአየር በር) ይታጠባል፣ ደርቀው የተሰነጠቁ የቫኪዩም ጎማዎች ይለወጣሉ። ጉልበቱ የተመለሰው በእነዚህ ነው፤ እነዚህን ደግሞ ያለ ምንም ሞረድ፣ ባነሰ የእጅ ዋጋ ማሠራት ይቻላል። ቴስታታው ለሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ጓርኒሲዮን በልቶ ከወረደ፣ የማኒፎልዱን አፍ አብሮ ማስተካከል ያዋጣል። ለዚህ ብቻ ብሎ ሞተር ማስፈታት ግን ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በባሕር ዳርቻ 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 76 ይወርዳል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ባሕር ዳር 1.20 ኪሎ ሲመዝን አዲስ አበባ ላይ 0.90 ኪሎ ነው፤ ሩቡ የለም ማለት ነው። ጃፓን ውስጥ 115 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተመዘገበው 4ኤ-ኤፍኢ፣ ሞተሩ እንደ አዲስ ጤነኛ ቢሆን እንኳ፣ መርካቶ ላይ ከ85 እስከ 87 ቢሰጥ ነው። ይህን የጎደለ አየር ሞረድ አይመልሰውም፣ የሚመልሰው ተርቦ ነው። ማስፋት የሚችለው አየሩ ከትሮትል እስከ ቫልቮላ ሲጓዝ የሚያጣውን ጥቂት ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። ሥራው 1 ሙሉ ኪሎፓስካል ቢያተርፍ እንኳ ከ76 አንድ፣ ማለትም 1.3 በመቶ ነው። ከ85 ፈረስ ላይ አንድ ፈረስ መሆኑ ነው። «ሃያ ፈረስ ይጨምራል» የሚል ሠሪ ሲያጋጥም ይህችን ስሌት ማስታወስ ይጠቅማል።

ታዲያ ጨርሶ ጥቅም የለውም? አለው፣ ግን የሚገኘው ጉድለት ባለበት ቦታ ነው። የማኒፎልዱ አፍና የቴስታታው ቀዳዳ ከፋብሪካም ሲወጡ ፍጹም አይገጥሙም፤ የቀለጠ አሉሚኒየም ሲፈስ የሚፈጠር ትርፍ ጠርዝ አለ። ከዚህ የባሰው በገበያ ላይ ያለ ጥራቱ የወረደ ጓርኒሲዮን ነው። ቀዳዳው ከቴስታታው ቀዳዳ ጠብቦ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ አየሩም በየቱቦው መጨረሻ ላይ ደፍ ያገኛል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጓርኒሲዮን ሲገዙ ከድሮው ጋር ደርቦ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው አያደርገውም።

4ኤ-ኤፍኢ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ትውልድ ኖዝሎቹ (ቤንዚን የሚረጩት) የተተከሉት ቴስታታው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በመጣው በሁለተኛው ትውልድ ወደ ማኒፎልዱ ቱቦዎች ተዛውረዋል፤ የቴስታታው የአየር ቀዳዳና ማኒፎልዱ ራሱም አብረው ተለውጠዋል። ስለዚህ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ማኒፎልድ ሲገዙ የኖዝሉን መቀመጫ አይቶ ትውልዱን መለየት ግድ ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። በሁለተኛው ትውልድ የኖዝሉ መቀመጫ ለቱቦው አፍ ስለሚቀርብ ከጣሪያው ላይ ብረት ማንሳት የሚቻለው ጥቂት ነው። የመቀመጫው ጠርዝ ከተቧጨረ ኦሪንጉ አይዝም፣ አየር ያስገባል።

ሁለተኛ፣ ያገለገለ ማኒፎልድ መግዛቱን እንመክራለን፣ አቅም ከቻለ። ሠሪው በሁለተኛው ማኒፎልድ ላይ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ ተከፍቶ አይከርምም፣ ሥራው ካላማረም የፋብሪካው ማኒፎልድ ሳይነካ ይቀመጣል። ሲገዙ የመገጣጠሚያውን ፊት፣ የብሎን ጥርሶቹንና ከሥር ያለውን የድጋፍ ብረት መያዣ ይዩ፤ የተሰበሩት ብዙ ናቸው።

አፈታቱ

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ገና ሲፈታ ነው። ሞተሩ እየሠራ የነዳጅ ፓምፑን ሶኬት ነቅሎ በራሱ እስኪጠፋ መጠበቅ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ማውለቅ፤ ይህ ከተዘለለ የነዳጅ ቱቦው ሲፈታ ቤንዚን በጋለ ብረት ላይ ይረጫል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለት ሊትር ያህል የራዲያተር ውሃ ማጉደል ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በትሮትሉ ሥር ሁለት ቀጫጭን የውሃ ጎማዎች ያልፋሉ። አንቲፍሪዙን በንጹሕ ዕቃ ቢቀበሉት ተመልሶ ይገባል።

የቫኪዩም ጎማዎቹን ፎቶ ማንሳትና በወረቀት ፕላስተር ቁጥር መለጠፍ ትንሽ ይመስላል። ቦታ የሳቱ እንደሆነ ግን መዘዙ ይረዝማል። ወደ ማፕ ሴንሰሩ (የማኒፎልዱን ግፊት ወደሚለካው) የሚሄደው ቀጭን ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ከተረሳ ኢሲዩው (የሞተሩ ኮምፒውተር) ሞተሩ ሙሉ ጭነት ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ነዳጅ ያፈሳል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይለብሳሉ። የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ጎማ ከወለቀ ደግሞ ሚኒሞ ላይ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) የነዳጁ ግፊት ከሚገባው በላይ ሆኖ ይቀራል፣ መኪናው ቤንዚን ይሸታል። የፍሬን ሰርቮው ጎማ ከላላ ፔዳሉ ይደነድናል፤ ይህኛው የጉልበት ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከማኒፎልዱ ሥር ወደ ብሎኩ የሚወርድ የድጋፍ ብረት አለ። ብሎኖቹ ከላይ አይታዩም። ይህን የረሳ ሠሪ ማኒፎልዱ እንቢ ሲለው ካቻቢቴ ይሸጉጥና ይፈነቅላል፣ የአሉሚኒየሙን ፊትም ይቦጭቃል። ያ ቡጭቅ በኋላ አየር የሚያስገባበት ቀዳዳ ይሆናል። ማኒፎልዱ እንደወረደ የቴስታታው አራት አፎች በንጹሕ ጨርቅ ይደፈኑ። አንዲት ሮንዴላ ወደ ውስጥ ከወደቀች ቫልቮላ ታጣምማለች፣ ያኔ የቴስታታ ሥራ ሆነ።

ሞረዱ

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። የማኒፎልዱ ፊት በማርከር ይቀባል። ጓርኒሲዮኑ ሁለቱ ዳር ብሎኖች ገብተው እንዳይነቃነቅ ይደረጋል፣ በሹል መርፌ የቀዳዳው ዙሪያ ይሰመራል። ይኸው በቴስታታው ፊትም ይደገማል። ጓርኒሲዮኑን ብቻ አምኖ መሞረድ ስሕተት ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ይሰፋል፣ እሱን ተከትሎ የተሞረደ ማኒፎልድ ከቴስታታው ይበልጣል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚከፋው ብልሽትም ይኸው ነው። አየር ከማኒፎልድ ወደ ቴስታታ ሲገባ የማኒፎልዱ አፍ ከቴስታታው ቀዳዳ ከሰፋ፣ የቴስታታው ጠርዝ ለአየሩ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ከፋብሪካው ሁኔታ የባሰ ነው፤ ሰው ከፍሎ ሞተሩን አፍኖ ተመለሰ ማለት ነው። በተቃራኒው ማኒፎልዱ በግማሽ ሚሊሜትር ቢጠብ ብዙም አይጎዳም፤ እንዲያውም ከሲሊንደር ወደ ኋላ የሚመለሰውን ግፊት ትንሽ ይገታል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ማኒፎልዱ ወይ እኩል ወይ በጥቂቱ ጠባብ ይሁን፣ ከቶ አይሰፋ።

ብረቱ የሚነሣው ከአፉ ወደ ውስጥ 20 እስከ 25 ሚሜ ድረስ፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ከነባሩ ቱቦ ጋር እየተዋሐደ ነው። አፉ ላይ ብቻ ተቆርጦ ከጀርባው ድንገት የሚጠብ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ከአንድ ጎን ከ1 ሚሜ ብዙም አለማለፍ ይሻላል። ተበስቶ ከተገኘ መፍትሔው አርጎን ብየዳ ነው፤ ብየዳው ግን ፊቱን ስለሚያጣምመው እንደገና በማሽን መላጨት ይከተላል። በኢፖክሲ ደፍኖ የሚመልስ ሠሪ አለ። ኢፖክሲው በሙቀትና በቤንዚን ትነት ቀስ በቀስ ይለቅና ቁራሹ ወደ ሲሊንደር ይገባል።

መሣሪያው የእጅ ግራይንደርና ለአሉሚኒየም የተሠራ፣ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ የካርባይድ ራስ ነው። ለብረት የተሠራው ባለ ድርብ ጥርስ ራስ በአሉሚኒየም ይደፈንና መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል፣ ይዘላል፣ ፊቱን ይቧጭራል። ላምባ እያስነኩ ወይም ሻማ እያሹ መሥራት ይህን ይከለክላል። ከዚያ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቂ ነው።

መስታወት እስኪሆን ማለስለስ የሚባለው ተጨማሪ አገልግሎት ለዓይን ነው። በየቱቦው ነዳጅ የሚረጭ ሞተር ላይ የማኒፎልዱ ግድግዳ ብልጭ ማለቱ የአየሩን መጠን አይለውጥም። ኖዝሉ በሚረጭበት አካባቢ ደግሞ ትንሽ ሻካራነት ይመረጣል፤ በለሰለሰ ግድግዳ ላይ ቤንዚኑ ተሰብስቦ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፣ በተለይ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ። ለዚህ የሚጠየቀውን ገንዘብ ለኦሪጅናል ጓርኒሲዮን ያውሉት።

ቱቦዎቹን ማሳጠር የሚባልም ሥራ አለ፤ ቆርጦ በአርጎን መበየድ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ቫልቮላው ሲከፈትና ሲዘጋ በቱቦው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይነሣል፣ ቱቦዎቹ ወደሚገናኙበት የጋራ ሳጥን ሄዶ ይመለሳል። የፋብሪካው ርዝመት የተመረጠው ሞገዱ ቫልቮላው ሊዘጋ ሲል ደርሶ ተጨማሪ አየር እንዲገፋ ነው። ቱቦው ሲያጥር ይህ የሚሆንበት ዙር ወደ ላይ ይሸሻል። የ4ኤ-ኤፍኢ ከፍተኛ ቶርክ (የማዞር ኃይል) በደቂቃ በ4800 ዙር አካባቢ፣ ከፍተኛ ጉልበቱ በ6000 ነው፤ ካምሻፍቱም (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) የተቆረጠው ለዚያ ነው። ቱቦ ያሳጠረ ሰው ካምሻፍቱ በማይደግፈው ዙር ላይ ትንሽ ያገኝና የእንጦጦን ዳገት በሚወጣበት በ2500 እና በ3500 ዙር መካከል ያጣል። «ከፍታ ላይ ስለሆንን ቱቦው ማጠር አለበት» የሚለው ማብራሪያም ልክ አይደለም፤ ሞገዱ የሚጓዝበት ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት ነው፣ በግፊቱ አይደለም።

መልሶ መግጠሙ

አጥቦ ያልጨረሰ ሠሪ ሁሉን ያበላሻል። የአሉሚኒየም ብናኝ ማግኔት አይስበውም፤ «በማግኔት ጠርጌዋለሁ» ቢባል ማመን አይገባም። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በብሩሽ፣ ከዚያ በኮምፕሬሰር አየር፣ በተለይ ወደ ቫኪዩም ቀዳዳዎቹ ውስጥ። ነጭ ጨርቅ ገብቶ ግራጫ ሆኖ ከወጣ እንደገና ይታጠባል።

የመገጣጠሚያው ፊት በቀጥተኛ ብረትና በፊለር (የክፍተት መለኪያ ቅጠል) ይለካ፤ ከ0.10 ሚሜ በላይ ክፍተት ከታየ በማሽን ይላጭ። ድሮውን የተጣበቀውን ጓርኒሲዮን በግራይንደር ማጽዳት ፊቱን ያጎደጉዳል፤ የፕላስቲክ መፋቂያና ትዕግሥት ይሻላል። ቀይ ሲልኮን መቀባት የጋራዦች ክፉ ልማድ ነው። ፊቱ ደህና ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ሲልኮን አይፈልግም፤ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ይወጣና አሁን ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን ቀዳዳ ራሱ ያጠበዋል፣ ቤንዚን ሲነካውም ይለቃል።

አጠባበቁ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር፣ በቶርክ ሬንች 19 ኒውተን ሜትር ነው። በእጅ ስሜት የሚያጠብቅ መካኒክ ብዙ ጊዜ ያስበልጣል፣ የቴስታታው አሉሚኒየም ጥርስ ይበላል። ትሮትሉ የራሱ አዲስ ጓርኒሲዮን ያስፈልገዋል፤ የነዳጅ መስጫው ካቦ ሲገጠምም ፔዳሉ ሳይረገጥ ጥቂት ልቅ መሆን አለበት፣ አለዚያ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ይቀርና ሰው አየር ያስገባል ብሎ ሲፈልግ ይውላል።

ከዚያ ሞተሩ በማኒፎልዱ ውስጥ የሚስበውን ኃይል የሚያሳየው የቫኪዩም መለኪያ ይገጠማል። በመጻሕፍት ላይ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላሉ። ይህ የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከ11 እስከ 14 የሚያሳይ ሞተር ደህና ነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ ጤነኛውን ሞተር «አየር ያስገባል» ብሎ ሁለተኛ ያስፈታል፣ ወይም ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) አዙሮ ታይሚንጉን፣ ማለትም እሳቱ የሚነሣበትን ቅጽበት፣ ያበላሻል። መርፌው ጸንቶ መቆሙ ከቁጥሩ ይበልጣል፤ በየጊዜው ወደ ታች ዝቅ ዝቅ ካለ ወይ ቫልቮላ ወይ ካንዴላ ይመረመር።

በሁለተኛው ትውልድ 4ኤ-ኤፍኢ አየር የሚለካው በማፕ ሴንሰር ስለሆነ የሚሾልክ አየር በብዛት የሚገለጸው በሚኒሞ ከፍታ ነው፤ ሴንሰሩ የገባውን አየር እንደ ግፊት ያየዋል፣ ነዳጅም ይጨምርለታል። ከማጣሪያው ጎን የአየር መለኪያ ባላቸው ሞተሮች ላይ ግን ያው ሾልኮ የገባ አየር ሳይለካ ያልፋል፣ ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ምልክቱን በዚህ መሠረት ማንበብ ይገባል። ለመፈለግ ካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ በመገጣጠሚያው ዙሪያ በጥቂቱ መርጨትና የዙሩን ለውጥ ማዳመጥ ይሠራል፣ የማርሚታው ማኒፎልድ ሳይግልና እሳት ማጥፊያ አጠገብ ካለ ብቻ።

ኢሲዩውን በተመለከተ ሰው ብዙ ይጨነቃል። ጥቂት መቶኛ የአየር ለውጥን ጭሱን የሚያነበው የኦክስጅን ሴንሰር በመደበኛ መንዳት ያስተካክለዋል። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን ኢሲዩው የኦክስጅን ሴንሰሩን አይሰማም፣ ያለውን ሠንጠረዥ ብቻ ይከተላል። ለዚህ ነው ከሥራው በኋላ ሙሉ ፔዳል ላይ የማንኳኳት ድምፅ ከተሰማ ቆም ብሎ ካንዴላዎቹን ማየት የሚያስፈልገው፤ ነጭ የሆነ ካንዴላ ነዳጅ እንዳነሰ ይናገራል።

መለኪያው

ሠሪዎች ለውጡን ለማሳየት ደንበኛውን በፈጣን መንገድ ወደ አዳማ ይወስዱታል። መኪናው በእርግጥ ይበረታል፤ ሳይሠራም ይበረታ ነበር። አዳማ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 82 ኪሎፓስካል ይሆናል። ሙቀቱ የሚቀንሰውን ቀንሰን እንኳ ከ5 በመቶ ያላነሰ ጉልበት በመውረድ ብቻ ይገኛል፣ ቁልቁለቱን ሳንቆጥር። ሐቀኛ ፈተና በአንድ ሜዳማ መንገድ፣ በአንድ ማርሽ፣ በ3ኛ ከ40 እስከ 80 ኪሎሜትር በሰዓት የሚፈጀውን ሰኮንድ በሁለቱም አቅጣጫ መለካት ነው፤ ከሥራው በፊትና በኋላ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ጭነት፣ በተመሳሳይ የጎማ ንፋስ። በፊት ያልለካ ሰው በኋላ የሚያወዳድረው ነገር የለውም። ልዩነቱ ከግማሽ ሰኮንድ በታች ከሆነ በእጅ ሰዓት የሚለይ አይደለም።

አብረው የሚሸጡት ነገሮች

ማኒፎልዱ በወረደበት የሚቀርቡ ተጨማሪዎች አሉ። በማጣሪያውና በትሮትሉ መካከል የሚገባው የብረት ማራገቢያ፣ «አየሩን ያሽከረክራል» የሚባለው፣ ገንዘብ ማባከን ነው፤ መንገድ ይዘጋል እንጂ አየር አይጨምርም፣ ምላጩ ሲላቀቅም የሚሄደው ወደ ሞተሩ ነው። ትልቅ ትሮትል ቦዲ በዚህ ሞተር ላይ ፔዳሉን ገና ሲነኩት መኪናው እንዲፈናጠር ያደርጋል። ሰው ይህን ጉልበት ይለዋል፤ ሙሉ ሲረገጥ ግን ልዩነቱ የለም ማለት ይቻላል።

በማኒፎልዱና በቴስታታው መካከል የሚገባው ሙቀት የማያስተላልፍ የባክላይት እስፔሰር ግን ምክንያት አለው። አየር ከ50 ዲግሪ ወደ 40 ቢቀዘቅዝ በ3 በመቶ ይጠነክራል። ሆኖም ፔዳሉ ሙሉ ሲረገጥ አየሩ በማኒፎልዱ ውስጥ የሚቆየው ቅጽበት ብቻ ስለሆነ እውነተኛው ትርፍ ከዚህ ያንሳል፤ የሚጠቅመው መገናኛ አደባባይ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ለሚግል መኪና ነው። ሲገጠም ችግሩ ብዙ ነው፦ 10 ሚሜ እስፔሰር ብሎኑንም በ10 ሚሜ ማርዘም ይፈልጋል፣ በአሉሚኒየም ውስጥ ባለ 8 ሚሜው ብሎን ቢያንስ 12 ሚሜ ካልገባ ጥርሱን ይዞ ይወጣል፣ የሥሩ ድጋፍ ብረት ቀዳዳ አይገጥምም። ድጋፉን ጥሎ የሚገጥም ሠሪ አለ፤ ማኒፎልዱ በንዝረት ይሰነጠቃል።

በዚህ ሁሉ መካከል ትኩረት ያላገኘው ነገር ከማኒፎልዱ በፊት ያለው ነው። ብዙ ኮሮላዎች አየር ከፊት መብራቱ ጀርባ የሚያመጣው የፕላስቲክ ቱቦ የላቸውም፤ በአንድ ጥገና ወልቆ ቀርቷል። ሌሎች ፋብሪካው የሠራውን ሳጥን ጥለው ክፍት ሾጣጣ ማጣሪያ አስገብተዋል፣ ድምፁ ስለሚያምር። ሁለቱም ከራዲያተሩ ጀርባ የጋለ አየር ይስባሉ። ውጭ 30 ዲግሪ ሆኖ ሞተሩ የሚስበው 50 ከሆነ የአየሩ ክብደት በ6 በመቶ ይወርዳል። ማኒፎልድ አስፍቶ ከሚገኘው ትርፍ ብዙ እጥፍ ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ከሶማሌ ተራ አንድ ያገለገለ ቱቦ ነው። በጠጠር መንገድ ለሚሄድ መኪና የወረቀት ማጣሪያው በዘይት ከሚነከረው የጥጥ ማጣሪያ አቧራ በተሻለ ይይዛል።

ኮፈኑን ሲከፍቱ የሚያገኙት 1ኤንዜድ-ኤፍኢ የተባለው ሌላው የቶዮታ ሞተር ከሆነ፣ ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ነው። እሱን መሞረድ አይታሰብ። ግድግዳው ከፋብሪካው ለስላሳ ነው፣ ሙቀትም ብዙ አያስተላልፍም፤ የሚሠራለት ነገር ቢኖር የደነደነውን የጎማ ጓርኒሲዮን መለወጥ ነው። ተርቦ የሌለው የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ናፍጣ ላይ ማኒፎልድ አስፍቶ የነዳጅ ፓምፑን መክፈት ደግሞ ጥቁር ጭስና የጋለ ቴስታታ ያመጣል።

ሥራውን ያሠራ ሰው 500 ኪሎሜትር ያህል ከነዳ በኋላ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ይመለስ። ብሎኖቹ በዚያው 19 ኒውተን ሜትር ይፈተሹ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለቱ ላልተው ይገኛሉ። የራዲያተሩ ውሃ ይታይ፤ በትሮትሉ ጎማዎች አየር ቀርቶ ከነበረ አሁን ጎድሏል። የድሮውን ጓርኒሲዮንና የተለወጡትን ጎማዎች ሠሪው እንዲያስረክብ አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ማስረከብ ያልፈለገ ሠሪ አዲስ ላለማስገባቱ ማስረጃ ነው ባይባልም፣ መጠየቁ ብቻ አዲሱ እንዲገባ ያደርጋል።